ለግራ ትከሻ

ሾፌሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ቅዳሜ ጠዋት ተናዶ አያውቅም፤ የተናደደው ደግሞ ስጦታ ሊገዛለት በሚወስደው ሰው ላይ ነበር። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ መኪናውን የሚነዳውን የልጁን ባል ማጅራት ያያል። አማቹ ያፏጫል። ከጎኑ የተቀመጠችው ልጁ በየመሀሉ ዞር እያለች «አባዬ፣ ተመቸህ? መስኮቱን ልዝጋልህ?» ትለዋለች። «ተመችቶኛል» ይላታል እንጂ ምንም የተመቸው ነገር አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳ፣ ስንት ሺህ ሰው ያመላለሰ ሰው፣ ዛሬ በሰው መኪና እንደ ዕቃ ተጭኖ ያልጠየቀውን ጠመንጃ ሊመርጥ ይሄዳል።

«አባባ፣ ዛሬ ደስ ያለዎትን ነው የምናነሳው» አለ አማቹ በመስታወቱ እያየው። «ዋጋውን እንዳያዩ። እኔ ልጅዎት አይደለሁም እንዴ?»

ሾፌሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ ውጭ ተመለከተ።

«አባዬ፣ እያናገረህ እኮ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

አማቹን የሚጠላ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ትልቅ የቀለም መደብር አለው። የሰፈር ሰው ታሞ ሆስፒታል መሄድ ካለበት መኪናውን አስነስቶ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ሳቁ ይጋባል፤ ቤት ሲገባ ቤቱ ይሞቃል። ልጁ ስታገባው ሾፌሩም እንደ ሌላው ሰው ወዶት ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው አደን ይዞት መውጣት የጀመረውም ራሱ ነው። አሁን ያንን ሲያስብ በቁጭት ይንገበገባል።

ነገሩ የሆነው ዝናቡ ባቆመ ሰሞን ነው። ሾፌሩ፣ አማቹና ፀጉር አስተካካዩ ዳክዬ ፍለጋ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ረግረግ ሄዱ። ፀጉር አስተካካዩ የሾፌሩ የልጅነት ጓደኛ ነው። ሁለቱ ጢም ሳያበቅሉ ጀምረው አብረው ያደኑ፣ በአንድ ኮዳ የጠጡ፣ ሲኮራረፉ እንኳ አንዱ ሌላውን ትቶ የማይሄድ ሰዎች ናቸው። የዚያን ቀን ሾፌሩን ጉልበቱ አስቸገረውና ጠመንጃውን ለአማቹ ሰጥቶ፣ እሱ ባዶውን ከረጢት አንግቶ ከኋላ ቀረ። የጫማው ክር ጭቃ ውስጥ ተፈትቶበት ሊያስር ጎንበስ ባለበት የተኩስ ድምፅ ሰማ። ቀና ሲል የሚወድቅ ዳክዬ የለም። ፀጉር አስተካካዩ ሸምበቆው ውስጥ ተንበርክኮ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል፤ በጣቶቹ መሀል ደም ይወርዳል። አማቹ ጠመንጃውን መሬት ላይ ጥሎ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ ቆሟል።

«አልነካሁትም» ይላል ደጋግሞ። «ምላጩን አልነካሁትም። ዝም ብሎ ተኮሰ።»

ፀጉር አስተካካዩ ቀኝ ዓይኑን አጣ።

ፖሊስ ሲጠይቀውም አማቹ ያንኑ ቃል ደገመ። የጠመንጃው ዕድሜ ሲታይ ሁሉም አመነው። ሾፌሩ ከአባቱ የወረሰው ባለሁለት አፈሙዝ ነበር፤ ሰደፉ በሁለት ትውልድ ጉንጭ ተለስልሶ እንደ ወንዝ ጠጠር ያብለጨልጫል። «አሮጌ ብረት ነው፤ ውስጡ ተበልቶ ይሆናል» ተባለ። ተወሰደ፣ ተቆራረጠ፣ ተጣለ። ጉዳዩም አደጋ ነው ተብሎ ተዘጋ። ጥፋተኛው ብረቱ ሆነ። ብረቱ ደግሞ የሾፌሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ያገኘው ሰው ሁሉ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «አይዞህ፣ ዕድሜ ነው» ይለው ጀመር። የማን ዕድሜ? የጠመንጃው ወይስ የእሱ? እሱ አደን ወጥቶ በመጣ ቁጥር ብረቱን ፈትቶ ሳይጠርግና ዘይት ሳያስነካ እህል የማይቀምስ ሰው ነው። አውቶቡስ ሲነዳም ፍሬኑን ሳይሞክር ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ግን ጎንበስ ብሎ ነበር፤ አላየም። ባላየው ነገር በገዛ ልጁ ባል ላይ እንዴት ይመሰክራል? አንዳንዴ «ምናልባት አንድ ነገር አምልጦኝ ይሆን?» ይልና በራሱ ይናደዳል። ወዲያው አማቹ ትዝ ይለውና በእሱ ይናደዳል። ከዚያ ደግሞ ሰውን ያለ ማስረጃ መጠርጠሩ ያሳፍረውና እንደገና በራሱ ላይ ይዞራል። ቆሽቱ አሮ ሊያልቅ ነበር።

ልጁም አንድ ቀን ሳህን እያጠበች «አባዬ፣ ያንን ብረት ያኔ ብታስወግደው ኖሮ» ብላዋለች። ክፉ አስባ አልነበረም። እሱ ግን ያቺን ቃል ሲያላምጣት ከረመ።

ከሁሉ የባሰበት የጓደኛው ነገር ነው። ሆስፒታል ሊጠይቀው ሲሄድ ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ደክሞኛል» አለ። በሌላ ቀንም ሄደ፤ በሌላውም ቀን ደክሞት ነበር። ከሆስፒታል ወጥቶ ሱቁን ሲከፍት ሾፌሩ በዚያ መንገድ ማለፍ ተወ። ፀጉሩ አድጎ ጆሮውን ሸፈነው። ሌላ ቦታ ሄዶ እንዲቆረጥ ልጁ ብትለምነው «በገዛ ራሴ ላይ አዛዡ እኔ ነኝ» ብሎ ዘጋት።

እንዲህ ባለበት ነው አማቹ እራት ላይ አዲስ ጠመንጃ እገዛልዎታለሁ ያለው። «አባባ ቤት መዋል አበዙ። ዘመናዊ ነገር እንገዛለን፤ በራሱ የማይተኩስ» ብሎ ሳቀ። ገበታው ላይ ያለ ሰው ሁሉ አብሮ ሳቀ። ሾፌሩ ማንኪያውን አስቀመጠ። እምቢ ሊል አፉን ሲከፍት የልጁን ዓይን አየ። ዓይኗ «እባክህ» ይላል። እሷን ብሎ ዋጠው።

የጠመንጃ ሱቁ በመነጽር ቤትና በጫማ መደብር መሀል የተጣበቀ ጠባብ ቤት ነው። የብረት በሩ ደወል ካልተደወለ አይከፈትም። ውስጡ ዘይትና አሮጌ ቆዳ ይሸታል። ጠመንጃዎቹ ግድግዳው ላይ ተደርድረው ረጅም ሰንሰለት በምላጫቸው ቀለበት ውስጥ አልፏል። ከመደርደሪያው በላይ ገለባ የተሞላች ዳክዬ አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች። ባለሱቋ ፀጉሯን ጠቅልላ ያሰረች፣ ቁልፎቿን ወገቧ ላይ ያንጠለጠለች ጎልማሳ ሴት ናት። የሾፌሩን የአደን ፈቃድ አይታ መለሰችለትና «ማን ነው የሚተኩሰው?» አለች።

«ለአባታችን ነው» አለ አማቹ ቀድሞ። «ቀለል ያለ ይሁን። ሲተኮስ እርግጫው የማይከብዳቸው። ለዕድሜያቸው የሚስማማ።»

«እኔ አፍ አለኝ» አለ ሾፌሩ።

«አባባ፣ እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

ባለሱቋ ሁለቱንም አየችና አንድ ባለሁለት አፈሙዝ አወረደች። ከወገቡ ላይ ሰበር አድርጋ ከፍታ ባዶነቱን አሳየችው፤ እንደተከፈተ ሰጠችው። ሾፌሩ ተቀበለ፣ ተመለከተ፣ ዘጋ፣ አፈሙዙን ወደ ባዶው ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ላይ አስቀመጠ። ጥሩ ብረት ነበር። እጁ ወዲያው አወቀው፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደው። የአባቱ ጠመንጃ ቁርጥራጭ ሆኖ የብረት ክምር ላይ በተጣለበት፣ የእሱ እጅ እንዴት እንዲህ ቶሎ ከሌላ ይላመዳል?

«እንዴት ነው?» አለች ባለሱቋ።

«ደህና ነው። ሰደፉ ትንሽ ያጥረኛል።»

«አጭሩ ይሻላል» አለ አማቹ። ከዚያ ወደ ባለሱቋ ጠጋ ብሎ፣ የቤተሰብ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «የድሮ ብረት ነበራቸው። አንድ ቀን በራሱ ተኩሶ ሰው ጎዳብን። ከዚያ ወዲህ ልባቸው ተሰብሯል። ለዚህ ነው ደህናውን ልንገዛላቸው ያመጣናቸው።»

ሾፌሩ ጠመንጃውን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የጠረጴዛውን ጫፍ ጨብጦ ያዘ። ለፖሊስ አወራ፣ ለጎረቤት አወራ፣ አሁን ደግሞ ስሟን ለማያውቃት ሴት ዓይኑን በጨው ታጥቦ ያወራል።

«ማን ተናገር አለህ?»

«ምን አልኩ?»

«አባዬ፣ ተው» አለች ልጁ። «እዚህ አይሆንም።»

«የት ነው የሚሆነው? ቤት ስናገር እራት ላይ አይሆንም። መኪና ውስጥ ስናገር መንገድ ላይ አይሆንም። ንገሪኝ፣ የት ነው የሚሆነው?»

ልጁ ሲከፋት እንደምታደርገው ወደ ማሳያው ዞር ብላ የጠመንጃ ቦርሳዎቹን ታገላብጥ ጀመር። አማቹ ነገሩን ሊያበርድ «እስቲ ያኛውን ልየው» ብሎ ከግድግዳው አንድ ጥቁር አውቶማቲክ ጠየቀ። ባለሱቋ ሰንሰለቱን ፈትታ፣ መርምራ፣ ባዶ መሆኑን አሳይታ ሰጠችው። እሱም እንደ ፊልም ተዋናይ እግሮቹን ከፍቶ ቆመ። ዳክዬዋን አነጣጠረ፤ «ቷ» አለ በአፉ፤ ሳቀ። ማንም አልሳቀለትም።

«ይሄኛው ቦርሳ ይሻላል?» አለች ልጁ ከጎኑ።

«የቱ?» ብሎ ወደ እሷ ዞረ። እሱ ሲዞር ጠመንጃው አብሮት ዞረ፤ አፈሙዙ ጠረጴዛውን ተሻግሮ፣ የባለሱቋን ደረት አልፎ፣ የልጁ ፊት ላይ ቆመ። ቀጭ አለ። ትንሽ ድምፅ ናት፤ የመብራት ማብሪያ የሚያህል።

ባለሱቋ አንድ እጇን ሰድዳ አፈሙዙን ወደ ጣሪያው ገፋችው። ልጁ ቦርሳውን እንደያዘች ቀረች።

«ምን ነካህ?» አለ ሾፌሩ።

«ምን ሆንኩ?»

«ምላጩን ሳብክ።»

«ኧረ አልነካሁትም» አለ አማቹ። «አልነካሁትም አባባ። ደግሞም ባዶ ነው።»

«ጣትህን እየው» አለችው ሚስቱ።

አየው። ጣቱ ምላጩ ላይ ነበር፤ እስከ ውስጠኛው አንጓ ገብቶ ተጠምጥሟል። የሌላ ሰው ጣት ያገኘ ይመስል ትክ ብሎ አየው። ባለሱቋ ጠመንጃውን ከእጁ ወሰደች፤ እሱም ሳያንገራግር ለቀቀ።

ሾፌሩ ያን ጊዜ አየው። ሱቁን ሳይሆን ረግረጉን አየ፤ ጎንበስ ብሎ ክሩን ሲያስር ያመለጠውን ሁሉ፣ አሁን ፊት ለፊቱ ቆሞ እንዳለ አየው። ድምፁን አላነሳም። ያልጮኸው ከጮኸ እንደማያቆም ስላወቀ ነው።

«ያን ቀንም ጠርቶህ ነበር።»

«ማን?»

«ታውቃለህ ማን እንደሆነ። ጠራህ፤ ዞርክ።»

አማቹ ጫማ ቤት ጫማ ሲለኩ የሚቀመጡባትን የመሰለች ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የዘወትር ሳቁን ሊያመጣ ሞከረ፤ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ጠፋ። ቆይቶ «‹ዳክዬዎቹን ተዋቸው፣ ርቀዋል› አለኝ» አለ። «‹ምን አልክ?› ብዬ ዞርኩ።»

«ምላጩንስ?»

«እጄ ላይ ተሰምቶኛል።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ወዲያው።» ቀና አላለም። «ፈራሁ አባባ። ከአፌ የወጣው ያ ነው። ከዚያ ፖሊሱ ጻፈው። ከዚያ እሷ አመነችኝ። ከዚያ በኋላ ከየት ልጀምር?»

«እኔን ስታይ ጀምር። ቤትህ መጥቼ አንገቴን ደፍቼ ስቀመጥ፣ ያኔ ጀምር። ‹ዕድሜ ነው› ሲሉኝ ከጎኔ ቆመህ ራስህን ስትነቀንቅ፣ ያኔ ጀምር። የአባቴን ብረት ሲቆራርጡት ጀምር።»

ልጁ ቦርሳውን ቦታው ላይ መለሰች። ስትናገር ባሏን ሳይሆን ወለሉን እያየች ነበር። «‹ብታስወግደው ኖሮ› ያልኩት እኮ እኔ ነኝ። ለገዛ አባቴ። አንተ እዚያው ቆመህ ሳህን ታደርቅ ነበር። ሰምተህ ዝም አልክ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ…»

«አሁን አታናግረኝ።»

ሾፌሩ በዚያች ሰዓት አማቹን በጥፊ ቢለው ደስ ባለው። እጁ እስኪያሳክከው ድረስ ፈልጎ ነበር። ግን ዓይኑን ያጣው እሱ አይደለም፤ በእሱ ጥፊ የሚከፈል ነገር የለም። ባለሱቋን ይቅርታ ጠይቆ ወደ በሩ ሄደ።

«መኪናውን አስነሳ» አለ።

«ወዴት አባባ?»

«ፀጉሬን ልቆረጥ።»

የፀጉር አስተካካዩ ሱቅ በር ክፍት ነበር። ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ ግድግዳው ላይ ፀሐይ ያደበዘዘው የፀጉር አቆራረጥ ፎቶ። ፀጉር አስተካካዩ ቀኝ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ አንገቱን እንደ ዶሮ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የአንድ ደንበኛ ራስ ላይ ቶንዶስ ይነዳል። ድሮ ጢም በምላጭ ሲላጭ የሚያየው ሰው ይደነቅ ነበር። አሁን ምላጩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ በአንድ ዓይን ርቀት አይለካም፤ ደንበኛውም ጉሮሮውን አይሰጥም።

ሦስቱ ሲገቡ በመስታወቱ አያቸው። ቶንዶሱን አላቆመም።

«የሚነግርህ ነገር አለው» አለ ሾፌሩ።

አማቹ ተናገረ። መጀመሪያ ተንተባተበ፤ ከዚያ ሁሉንም አወጣው። መዞሩን፣ ጣቱን፣ ወዲያው ማወቁን፣ መዋሸቱን። ሲጨርስ ቶንዶሱ ጠፋ። ፀጉር አስተካካዩ ግን አማቹን አላየውም። የቀረችውን ዓይኑን ጓደኛው ላይ ተከለ።

«ይሄን ልታሰማኝ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ የቆየኸው?»

«ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

«እኔ እኮ አይቼዋለሁ። ያቺ ዓይኔ መጨረሻ ያየችው የእሱን ጣት ነው።»

ሾፌሩ የሚይዘው ነገር ፈልጎ የባዶውን ወንበር ጀርባ ጨበጠ። «ታዲያ ለምን ለፖሊስ አልተናገርክም?»

«አንተን ስጠብቅ ነዋ። ብረትህን ከአንተ በላይ የሚያውቀው ማን አለ? በራሱ እንደማይተኩስ አንተ ታውቃለህ። ‹አሮጌ ነው› ሲሉ ዝም አልክ። ‹አሃ፣ ልጁን መረጠ› አልኩ። ትዳሯን ላለማፍረስ እኔን ሸጠኝ አልኩ። እሷን ደግሞ በእጄ ነው ያሳደግኳት፤ ቤቷን እኔ ላፍርስ? ዝም ብዬ ተቃጠልኩ።»

«አላየሁም። ጎንበስ ብዬ ነበር።»

«ማየት ያስፈልግህ ነበር?»

ሾፌሩ ይበልጥ ተበሳጨ። «አንተስ? ልጠይቅህ ስመጣ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርክብኝ። በሌላ ቀን መጣሁ፣ አዞርክብኝ።»

«እና? አልጋውን ዞረህ በዚያ በኩል አትመጣም?»

«አልጋው ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ነው።»

«ግፋው። አውቶቡስ ስትነዳ የኖርክ ሰው አልጋ መግፋት አቃተህ? ‹ምን አየህ?› ብለህ አንዲት ጥያቄ ብትጠይቀኝ ምን ነበር? ቀለም ሻጩን አመንክ። ሁላችሁም ቀለም ሻጩን አመናችሁ፤ በደንብ ቀባችሁ።»

ጨርቁ ስር ያለው ደንበኛ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔ… ሌላ ጊዜ ብመጣ ይሻላል?»

«ቁጭ በል። ግማሽ ራስህን ይዘህ ወዴት ልትሄድ ነው?»

ደንበኛው ቁጭ አለ። ፀጉር አስተካካዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አማቹ ዞረ፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ በአንገት ያንሰዋል። «አየህ አንተ ልጅ፣ እኔ በምላጭ የኖርኩ ሰው ነኝ። በምላጭ ቤት ሠራሁ፣ በምላጭ ልጆች አስተማርኩ። አንተ ደግሞ በዚያኛው ምላጭ እንጀራዬን ቆረጥከው። በስህተት ነው፤ ይገባኛል። ስህተቱን እተውልህ ነበር። ውሸቱን ግን አልተውልህም። ለፖሊስ ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ።»

«መቼ?»

«ዛሬ» አለች የሾፌሩ ልጅ። እጇን ዘርግታ የመኪናውን ቁልፍ ከባሏ ተቀበለች። «እኔ ነኝ የምነዳው።» ከመውጣቷ በፊት ፀጉር አስተካካዩ ፊት ቆመች። እሱ ትከሻዋን ገፋ አድርጎ «ሂጂ፣ ሂጂ» አላት።

ሾፌሩ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ቀሪ ግማሽ ራስ ጨረሰ፤ ከዚያ ጨርቁን አራግፎ በጓደኛው አንገት ላይ አሰረው፤ ሆን ብሎ ጠበቅ አደረገው። ሾፌሩም አላማረረም። ፀጉር አስተካካዩም ጆሮው እስኪታይ ድረስ ፀጉሩን ቆረጠለት።

አማቹ ቃሉን አስተካክሎ ሰጠ። ጉዳዩ እንደገና ተከፍቶ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ተፈረደበት፤ መሣሪያ እንዳይዝም ተከለከለ። እስር ቤት አልገባም፤ ይሄም ሾፌሩን አናደደው፤ ቢገባም ግን እንደሚናደድ ያውቅ ነበር። ልጁ ልብሷን ይዛ አባቷ ቤት መጥታ ከረመች። በኋላ ተመለሰች። «ይቅር ብለሽው ነው?» ብሎ ሲጠይቃት «አላውቅም አባዬ። ሌላ ውሸት እንዳለ ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው» አለችው። አማቹ አሁንም ለታመመ ሰው መኪናውን ያስነሳል፤ አሁንም ይስቃል፤ ብቻ ከመሳቁ በፊት ሚስቱን ያያል። ሾፌሩ ሲያገኘው በአገጩ ሰላም ይለዋል። ከዚያ በላይ ከሆዱ አይወጣለትም፤ እንዲወጣም አይታገልም።

ጠመንጃ የመምረጡን ነገር እንደገና ያነሳው ሾፌሩ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሲሰማ «ለማን?» አለ።

«ለአንተ።»

«እኔ ማነጣጠሪያ ዓይኔ የለም። ልታሾፍብኝ ነው?»

«ግራህ አለ። ሰው በግራ ትከሻው አይተኩስም?»

«ግራዬ ማንኪያ እንኳ ይዞ አያውቅም።»

«ይለምዳል።»

ሲጨቃጨቁ ሰነበቱ። ፀጉር አስተካካዩ የሐኪም ወረቀትም አልፈልግም፣ ፈቃድም አላድስም አለ፤ ከዚያ አድሶ መጣ። ባለሱቋ ሾፌሩን አስታወሰችው፤ ያለፈውን ግን አላነሳችም። ፀጉር አስተካካዩን አስቁማ ክንዱን፣ አንገቱን፣ የጉንጩን አቀማመጥ አየች። መጀመሪያ የሰጠችው ተራ ጠመንጃ ነበር። በግራ ትከሻው ሲያነሳው ሰደፉ ጉንጩን ገፍቶ ዓይኑን ከመስመሩ አወጣው። ሁለተኛው ከበደው። ሦስተኛውን ሲያነሳ ከንፈሩን ነከሰ፤ ግራ እጁ ለመደገፍ፣ ቀኙ ምላጭ ለመፈለግ እየሄዱ ተምታቱበት።

«ሕፃን አደረጋችሁኝ» አለ ላብ በግንባሩ እየወረደ። «በዚህ ዕድሜዬ መያዝ ልማር?»

«እንደገና» አለ ሾፌሩ።

«አንተ አትዘዘኝ።»

«እንደገና አንሳው።»

ባለሱቋ ወደ ጓዳ ገብታ ጌጥ የሌለው ባለሁለት አፈሙዝ ይዛ ወጣች። ሰደፉ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ነው የተሠራው፤ በግራ ለሚተኩስ ሰው ዓይን አፈሙዙ ልክ ላይ እንዲውል። ለአንድ ግራኝ ታዞ ሳይወስደው የቀረ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ በጥርጣሬ ተቀበለው። ጣቱን ከምላጩ ውጭ ዘርግቶ፣ አፈሙዙን ወደ ባዶው ግድግዳ አድርጎ አነሳው። አወረደው። እንደገና አነሳው።

«ምን ይታይሃል?» አለ ሾፌሩ።

«መስመሩ ይታየኛል» አለ። ድምፁ ውስጥ ያለው ቁጣ እንዳለ ነው፤ ብቻ አሁን የሚያዝበት ቦታ ያገኘ ይመስል ነበር። «ቀጥ ብሎ ይታየኛል።»

ሾፌሩ ልሞክረው ብሎ ተቀብሎ በቀኝ ትከሻው ላይ አስቀመጠው። አፈሙዙ ወደ ጎን ሄደበት፤ ሰደፉም ጉንጩን ወጋው።

«ለአንተ አይሆንህም» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አይሆነኝም።»

«እና አንተስ በምን ልትተኩስ ነው?»

«እኔ ከረጢቱን እይዛለሁ። ጉልበቴ እንደሆነ አልተሻለውም።»

በሳምንቱ ረግረጉ ዳር ሄዱ። ፀጉር አስተካካዩ ሲተኩስ ዋለ፤ አንዲት ላባ እንኳ አላወረደም። ዳክዬዎቹን ሰደበ፣ ነፋሱን ሰደበ፣ ቀለም ሻጩን ሰደበ፤ የሚሰደብ ሲያልቅበት ወደ ጓደኛው ዞረ። ከመዞሩ በፊት ግን ጠመንጃውን ከፍቶ ጥይቱን አወጣ። ሾፌሩ ባዶውን ከረጢት አንግቶ ስድቡን እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ ከሸምበቆው ወጥተው፣ በላይኛው መንገድ እንመለስ ወይስ በታችኛው በሚለው እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ እየተጨቃጨቁ ሄዱ።